ደሴ ዓርብ፣ ፓሪስ ቅዳሜ

(መግቢያ፦ የማሲንቆ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

በመርሳ፣ በወልዲያ፣ በግራና፣ በሲሪንቃ፣ በውርጌሳ ያላችሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ሬዲዮ ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ፤ ከብት እየጠበቃችሁ በስልካችሁ የምታዳምጡ፤ የሳምንቱ የታሪክ ወጋችን ሰዓት ደርሷል።

ባለፈው ሰሞን ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስሄድ መርሳ ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። ማንጎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ከበቡት፤ እኔም ገዛሁ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። አንድ ማንጎ ብሰጣቸው "ጥርስ የት አለኝና" ብለው ሳቁ፤ ግን ተቀበሉኝ። ውርጌሳን አልፈን ውጫሌ ስንደርስ በዱላቸው ወደ ውጭ ጠቆም አደረጉና "ከጥሊያን ጋር ነገር የተጀመረው እዚህ ነው አይደል?" አሉኝ።

እኔም አዋቂ ልምሰል ብዬ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መፈረሙን፣ አሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል አለመግጠሙን መዘርዘር ጀመርኩ። አቋረጡኝ።

"እሱንስ አውቃለሁ ልጄ። እሱን ምኒልክ ዓድዋ ላይ ጨርሰውታል። እኔን ግራ የሚገባኝ ሁለተኛው ነው። አባቴ ሲያጫውቱን፣ ዓለም ተሰብስቦ ጥሊያን ጥፋተኛ ነው ብሎ ፈርዶበት ነበር ይሉ ነበር። ታዲያ የተፈረደበት ሰው እንዴት አድርጎ ደሴ ገባ?"

(አጭር ዝምታ)

የዛሬው ወጋችን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የተፈረደበት ሰው እንዴት ደሴ ገባ? ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ የፈረንጅ ቀን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

(ማሲንቆ፣ አጭር)

እስቲ ከመስኖ እንነሣ። መስኖ ያላችሁ ገበሬዎች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ውሃ በተራ ነው። አንድ ጉልበተኛ ተራ አልጠብቅም ብሎ የደካማ ጎረቤቱን ቦይ ሰበረ እንበል። የውሃ አባቱ ተጠሩ። ምን ይጠበቅባቸዋል? ሰባሪውን መቅጣት፣ ቦዩን ማስጠገን፣ ውሃውን ለባለ ተራው መመለስ።

የኛ የውሃ አባት ግን በልባቸው ሌላ ነገር ያወጣሉ ያወርዳሉ። "ይህ ሰው ቁጡ ነው። ደግሞ ነገ ከወዲያኛው መንደር ጋር ብንጣላ ከጎናችን የሚያስፈልገን እሱ ነው" ይላሉ። ስለዚህ ጉልበተኛውን "በል ግማሹን አንተ ውሰድ" ይሉታል፤ ባለ ተራውን ደግሞ "አንተም ለሰላም ሲባል ቻለው"። ወራሪን ማባበል የሚባለው ይህ ነው። ልብ በሉልኝ፦ ለጉልበተኛው የተሰጠው ውሃ የውሃ አባቱ ውሃ አይደለም። የሌላ ሰው ነው።

ይህን ከሽምግልና ጋር እንዳታምታቱብኝ። ወሎ የአበጋሮች አገር ነው፤ ደም የተቃባ ሰው እንኳ ሲታረቅ አይታችኋል። አበጋር ሲቀመጥ በዳይም ተበዳይም ይጠራሉ። ተበዳይ በደሉን ይናገራል፣ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይቆረጣል። ተበዳይ ሳይጠራ ስለ ተበዳይ ከብት የሚያወራ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በ1928 ግን ፓሪስ ላይ ታይቷል።

(ማሲንቆ፣ አጭር)

ወደ ኋላ ትንሽ እንመለስ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. በመስቀል ቀን፣ መስከረም 17 ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን መቀመጫው ጄኔቭ ነበር። አባሎቹ የተማማሉት ቃል ባጭሩ፣ አንዱን የነካ ሁሉንም ነካ የሚል ነበር። ትንሽ አገር እዚያ ውስጥ ስትገባ ጣራ አገኘሁ ብላ ነው።

በሐምሌ 1920 ደግሞ ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ከውሉ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ነገር እኛን ይመለከታል፦ ከአሰብ ወደ ደሴ የመኪና መንገድ ሊሠራ ታስቦ ነበር። አሰብን አትርሱብኝ፤ በኋላ ትመለሳለች።

ከዚያ ኅዳር 26 ቀን 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል በሚባል የውሃ ጉድጓድ ላይ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ጦር ተጋጨ። ወልወል ከድንበሩ ብዙ ርቆ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ያለ ቦታ ነው። እዚያው ድንበር ሊያስምሩ የመጡ እንግሊዞች ነበሩ፤ ነገሩ ሲጠናባቸው ድንኳናቸውን ነቅለው ፈቀቅ አሉ። የጣሊያኑ መሪ ሙሶሊኒ ካሣና ይቅርታ ጠየቀ። ቤቱ የተገባበትን ሰው፣ የገባው ይቅርታ በለኝ ሲለው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ወደ ጄኔቭ ከሰሰች። ወራት ከፈጀ ሽምግልና በኋላ የወጣው ፍርድ ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም የሚል ነበር።

(አጭር ዝምታ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየገባን ነው። በዚያው 1927፣ ታኅሣሥ 29፣ እኛ ገና ስናከብር፣ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሮም ውስጥ ከሙሶሊኒ ጋር ወረቀት ይፈራረም ነበር። ከጅቡቲው ባቡር ኩባንያ የአክሲዮን ድርሻ ሰጠው፤ ከሊቢያ አጠገብ በረሃ መሬት ሰጠው። ከሁሉም በላይ፣ ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ያላትን የኢኮኖሚ ጥቅም ለእሱ ለቀቀችለት። ከዚህ አልፎ በቃል ምን ተባባሉ? ሙሶሊኒ "እጄን ፈተውልኛል" አለ፤ ላቫል "ለንግድ ነው እንጂ ለጦርነት አላልኩም" ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ድረስ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያነታርካል። በእኔ ግምት ላቫል የሚለውን ያውቅ ነበር።

ለምን አደረገው? እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። ጀርመን ውስጥ ሂትለር ተነሥቷል። ፈረንሳይ ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የወጣት ዘር ያለቀባት አገር ናት። ሂትለር ኦስትሪያን ቢነካ ከደቡብ በኩል የሚያስቆመው ጦር የጣሊያን ነው ብላ አሰበች። ሙሶሊኒን ላለማስቀየም የማትከፍለው ዋጋ አልነበረም። በተለይ ዋጋው ከሌላ ሰው ኪስ የሚወጣ ከሆነ።

በሚያዝያ 1927 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ በሐይቅ ዳር ተሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ የጣሊያን ወታደርና ስንቅ በስዊዝ ካናል በኩል ወደ ምጽዋ እየጎረፈ ነው። ካናሉን የሚጠብቀው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ መርከቦቹ የሚያልፉት በዓይኑ ሥር ነው። ታዲያ ስትሬዛ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ምን ተባለ? ምንም። በመግለጫው ላይ ሰላምን በጋራ እንጠብቃለን የሚለው ሲጻፍ ሙሶሊኒ "የአውሮፓን ሰላም" ተብሎ እንዲጻፍ አደረገ። ሌሎቹ ሰሙ፤ ዝም አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

በክረምቱ ደግሞ እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ አልሰጥም አለች። ለሁለቱም እኩል! ደስ ይላል አይደል? ግን እስቲ አስቡት። ጣሊያን አውሮፕላን የሚሠራ ፋብሪካ አለው። ኢትዮጵያ ጥይት እንኳ የምታገኘው ገዝታ ነው። እኩል የተባለው ክልከላ የያዘው አንዱን ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

(ማሲንቆ ይገባል፣ ይወጣል)

እስካሁን ያልኩትን አንዴ ላስታውሳችሁ። ፈረንሳይ በገና ዕለት ጥቅሟን ለቀቀችለት። ስትሬዛ ላይ ሁሉም ዝም አሉት። መሣሪያው ተከለከለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጦርነቱ ገና አልተጀመረም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሳሙኤል ሆር ይባላል፤ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። የ1927 የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 6፣ ጄኔቭ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። መንግሥቱ ያለ ምክንያት የሚደረግ ወረራን ሁሉ ከማኅበሩ ጋር ሆኖ አጥብቆ ይቃወማል አለ። አዳራሹ ተነቃነቀ። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አዲሱን ዓመት በዚህ ተስፋ ተቀበለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃንሆይም ጠብ ጫሪ ላለመባል ጦራቸው ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲርቅ አዘው ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረ። አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ማኅበሩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈጠን ብሎ ፈረደ፦ ወራሪዋ ጣሊያን ናት። ከሃምሳ አራት አገሮች ሃምሳው ተስማሙ። የሽማግሌው አባት ያሉት ትክክል ነው፤ ተፈርዶበታል።

ቅጣቱስ? ኅዳር 8 ላይ ማዕቀብ ተጣለ። ይህን ዝርዝር ሳነብ ሁልጊዜ የምቆምበት አንድ መስመር አለ። ለጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ዕቃዎች መካከል ጎማና አንዳንድ ማዕድን አሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አሉ።

(አጭር ዝምታ)

በቅሎ! የጭነት ከብት ለወራሪ እንዳይሸጥ ጄኔቭ ላይ ተከለከለ። ነዳጅስ? ነዳጅ አልተከለከለም። የድንጋይ ከሰል አልተከለከለም። ስዊዝ ካናልም አልተዘጋም፤ ጣሊያን የማለፊያውን ክፍያ እየከፈለ ወታደሩን ያመላልስ ነበር። እስቲ እናንተው ፍረዱ። በሺህ በሚቆጠር ካሚዮንና በመቶዎች በሚቆጠር አውሮፕላን የሚዋጋን ሰው በበቅሎ ታስቆመዋለህ ወይስ በቤንዚን?

በቤንዚን መሆኑን እነሱም ያውቁ ነበር። ስለ ነዳጅ ለመምከር ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ ለታኅሣሥ 2። ሙሶሊኒ ነዳጅ ከተከለከልኩ ጦርነት ነው የሚል ወሬ አስነዛ። ላቫል ያን ሰምቶ ይንቀጠቀጣል፤ እንግሊዝም ፈረንሳይ ከጎኔ ካልቆመች መርከቦቼን ብቻዬን አስመታለሁ ብላ ፈራች። እና ታኅሣሥ 2 ከመድረሱ በፊት አንድ መላ መፈለግ ነበረበት።

(ማሲንቆ፤ ቀስ ያለ፣ ረዘም ያለ)

አሁን ደሴ እንሂድ። በኅዳር ወር ጃንሆይ ጠቅላይ ሠፈራቸውን ወደ ደሴ አዛውረዋል። ከተማዋ በወታደር፣ በስንቅ፣ በፈረንጅ ጋዜጠኛ ተሞልታለች። አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩት ሆስፒታል አለ፤ ቀይ መስቀል ተስሎበታል። የቀይ መስቀል ድንኳኖችም አሉ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ ጧት፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡ። ፈንጂም፣ ቤት የሚያቃጥል ቦምብም ጣሉ። የሣር ክዳን ቤት እንዴት እንደሚነድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሆስፒታሉ ተመታ፤ ድንኳኖቹም። ሐኪሞቹ ቀኑን ሙሉ የሰው እጅና እግር ሲቆርጡ ዋሉ። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ የዚያን ጊዜ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ እዚያው ነበር፤ ያየውን በኋላ በመጽሐፉ ጽፎታል።

ይህ ዓርብ ነው። ቅዳሜስ? ቅዳሜ፣ ኅዳር 27፣ ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ገባ። ያ በጳጉሜን 6 አዳራሽ ያነቃነቀው ሰው ማለት ነው። ታሞ ስለነበር ወደ ስዊዘርላንድ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ዕረፍት እየሄደ ነው፤ በመንገዱ ላቫልን ሊያነጋግር ጎራ አለ። ቅዳሜን አወሩ፣ እሑድን ደገሙ። እሑድ ማታ አንድ ወረቀት ላይ ተስማሙ።

ምን ይላል ወረቀቱ? ዓድዋን ጨምሮ ምሥራቁ ትግራይ ለጣሊያን ይሰጥ። አክሱም ለኢትዮጵያ ትቅር። ከደናክልና ከኦጋዴን በኩል ድንበሩ ለጣሊያን ይስፋ። የአገሪቱ ሰፊ የደቡብ ክፍል በስም የኢትዮጵያ ይሁን፣ ግን ጣሊያን ብቻ የሚሠፍርበትና የሚነግድበት ይሁን። ለኢትዮጵያስ? ለኢትዮጵያ ወደ ባሕር መውጫ ይሰጣት፤ አሰብ፣ ከአንድ ቀጭን መተላለፊያ ጋር። አሰብን አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያንን መተላለፊያ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ራሱ "የግመል መንገድ" ብሎ ቀልዶበታል።

ዓድዋ! ከአርባ ዓመት በፊት በደም የተጠበቀችው ዓድዋ፣ በሁለት ሰዎች እርሳስ፣ በሁለት ቀን። ኢትዮጵያዊ አልተጠራም። በሰው ምድር ልጇን ትድር ይላሉ እናቶቻችን፤ ፓሪስ ላይ የሆነው ያው ነው።

(አጭር ዝምታ)

እንደገና ልድገመው፣ ቀኑ እንዳይጠፋችሁ። ዓርብ ደሴ ነደደች። ቅዳሜና እሑድ ፓሪስ ላይ የሚያቃጥለውን ሰው በምን እናስደስተው ተባለ።

ሆር ወደ በረዶው ሄደ፤ ወድቆ አፍንጫው ተሰበረ። (ይህን የምነግራችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ትንሽ ግን ደስ ይለኛል።) በዚያ መሐል የፓሪስ ጋዜጦች ምስጢሩን አወጡት። እንግሊዝ አገር ቁጣ ሆነ። እዚህ ላይ የእንግሊዝን ሕዝብ ከመንግሥቱ መለየት አለብን። ቀደም ብሎ በ1927 ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛዊ ቤት ለቤት በተደረገ መጠይቅ ላይ ድምፅ ሰጥቶ፣ አብዛኛው ወራሪ ይቀጣ ብሎ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊን ምርጫ ያሸነፈው ለማኅበሩ እቆማለሁ ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገና ወር አልሞላም። ሰው ተታለልኩ አለ። ለእንደራሴዎቹ ደብዳቤ ጎረፈ። ታኅሣሥ 8 ላይ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በጥር ወር ላቫልም ወደቀ። ጃንሆይም ከዚያችው ከተቃጠለችው ደሴ ሆነው፣ ወረራን የሚሸልም እርቅ አልቀበልም ብለው መለሱ።

እንግዲህ ነገሩ ተቃና ትላላችሁ? ወረቀቱ ተቀደደ፣ ፈራሚዎቹ ተባረሩ። ግን የታኅሣሥ 2ቱን ቀጠሮ አስታውሱ። በዚያ ሁካታ የነዳጁ ነገር ተድበሰበሰ። እንደገና ለጥናት ተመራ፣ እንደገና ለሌላ ጊዜ ተባለ። እኔ ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው እላለሁ። ዕቅዱ ከሸፈ፤ ጊዜው ግን ለሙሶሊኒ ተገኘ። በኋላ ሙሶሊኒ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ በወጣሁ ነበር ብሎታል ይባላል፤ የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ሰው ነው ይህን የጻፈው።

(ማሲንቆ፣ አጭር)

የቀረውን ቶሎ ልበለው። በተገኘው ጊዜ ጣሊያን በዓለም ሕግ የተከለከለውን፣ ራሱም አልጠቀምም ብሎ የፈረመበትን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ አዘነበ። በየካቲት እንደርታ፣ ተምቤንና ሽሬ ላይ ጦራችን ተሸነፈ። የካቲት 28 ሂትለር ወታደሩን ራይንላንድ ወደሚባለው፣ ጦር እንዳይገባበት ወደተከለከለው መሬት አስገባ። የአውሮፓ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ጃንሆይ ያን ጊዜ ከእኛ በላይ ነበሩ፣ ኮረም። ሙሶሊኒን ያባበሉት ሂትለርን ሊያስቆምላቸው ነበር አላልንም? ሂትለር ሲንቀሳቀስ ሙሶሊኒ የት ነበር? ኢትዮጵያን እየወጋ ነበር።

መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ከዚያ በኋላ የጠላት ጦር በቆቦ፣ በወልዲያ አድርጎ፣ እኛ ዛሬ በሚኒባስ በምንሄድበት አቅጣጫ ወደ ደሴ ወረደ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ገባ። ጃንሆይ ከአሸንጌ ወዲህ ወደ ላሊበላ ዞረው ጸልየው፣ የደሴው መንገድ ስለተያዘባቸው በሌላ በኩል አዲስ አበባ ደረሱ። ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ነበር።

ሰኔ 23 ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ቆሙ። ሊናገሩ ሲነሡ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨት ረበሿቸው። በአማርኛ ተናገሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ ይነሣ ብሎ ወሰነ፤ በሐምሌ ተነሣ። ለማንሣት ቀድሞ ከተናገሩት እንግሊዞች አንዱ፣ ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው ያለው፣ ኔቪል ቻምበርሌን ነው።

ይህን ስም የምታውቁት አላችሁ? በመስከረም 1931፣ በፈረንጅ 1938፣ ሙኒክ ላይ የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ቆርሶ ለሂትለር የሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትር እሱ ነው። እዚያም የቼክ ሰው ወደ ስብሰባው አልገባም፤ ደጅ ነው የጠበቀው። በዚያን ሰሞን ከቻምበርሌን የቅርብ አማካሪዎች አንዱ ማን ነበር ትላላችሁ? አፍንጫው የዳነለት ሳሙኤል ሆር። ዓመት ሳይሞላ ሂትለር ፖላንድ ገባ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በሰኔ 1932 ደግሞ ያ ሁሉ የተደረገለት ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ሆኖ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ።

(አጭር ዝምታ)

ከመርሳ አንድ አድማጫችን ባለፈው ስልክ ደውለው "ሰላም መፈለግ ነውር ነው እንዴ?" ብለው ጠይቀው ነበር፤ ይህን ርዕስ እንደምናነሣ ስንናገር ሰምተው ነው። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። እነዚያ ሰዎች ልጆቻቸውን በጦርነት የቀበሩ ናቸው። ጦርነት የጠላ ሁሉ ፈሪ ነው የሚል ሰው ጦርነት አላየም፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ሆርና ላቫልን የምወቅሳቸው ሰላም ስለፈለጉ አይደለም። ማዕቀቡን ሲያወጡ በቅሎ መጻፍ ችለዋል፤ ቤንዚን መጻፍም ይችሉ ነበር። ለዚያ አንድ ወታደር እንኳ መሞት አልነበረበትም። ወጪው ግን ከራሳቸው ኪስ ነበር፣ ሥጋቱም በራሳቸው ላይ። ዓድዋን መስጠት ቀለላቸው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሁለት ጥያቄ ልተውላችሁ። አንደኛው፦ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መሪ ብትሆኑ፣ ነዳጁን ትከለክሉ ነበር ወይስ ካናሉን ትዘጉ ነበር? ወይስ ሁለቱንም ትፈሩ ነበር? ሁለተኛው፦ በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የሰማ ሰው አለ? የ1928 ጦር ወደ ሰሜን ሲዘምትና ሲመለስ በእናንተ ቀዬ ምን ይባል ነበር? ጠይቃችሁ ንገሩን፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልሳችሁን እናሰማለን።

ያን ዕለት ሐይቅ ስንደርስ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። የሆርንና የላቫልን ነገር እየነገርኳቸው ነበር፤ ራሳቸውን ነቅንቀው "በል አብሽር፣ ሌላ ጊዜ ትጨርስልኛለህ" ብለውኝ ወረዱ። የበቅሎዋን አልነገርኳቸውም። አባቴ፣ ሬዲዮ ካለዎት፣ ይኸው ጨረስኩልዎት።

(ማሲንቆ ከፍ ይላል፤ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።)